ስንጥቅም ኬላ ያስፈልገዋል
የትንንሽ ድሮኖች ቅርፊት ሲነቃ ስለሚጠገንበትና እንዳይነቃ ስለሚጠበቅበት መንገድ

በአማርኛ ገንቦ ወይም ቅል ስንጥቅ ሲያገኘው «ነቃ» ይባላል፤ ከእንቅልፉ የተነሣ ሰውም እንዲሁ «ነቃ» ይባላል። ቋንቋውን በመማር ላይ ያሉ የሥራ ባልደረቦቻችን ይህን ባዩ ጊዜ አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራሉ። ነገሩን ላስተዋለው ግን ሁለቱ ቃላት ተጎራብተው ቢኖሩ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ዕቃው ሲነቃ ባለቤቱ ካልነቃ ጉዳቱ ከዕቃው አልፎ ወደ ሰው ይደርሳልና።

ዛሬ የምንነጋገርበት ዕቃ ግን የወጥ ቤት ዕቃ አይደለም። ወጣቶች ለጊዜ ማሳለፊያና ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚያበሩት፣ አብራሪ የማይሳፈርበት ትንሽ አውሮፕላን፣ ማለት ድሮን ነው። ብዙውን ጊዜ አራት ክንዶች አሉት፤ በየክንዱ ጫፍ አንድ ሞተር፣ በየሞተሩም ላይ አንድ ፕሮፔለር ይገኛል። ክብደቱ እንደየዓይነቱ ከሩብ ኪሎ ግራም ጀምሮ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይደርሳል። ሞተሩን፣ ባትሪውንና የፎቶግራፍ መሣሪያውን ሁሉ የሚሸከመው ግን ስስ የፕላስቲክ ቅርፊት ነው። ይህ ቅርፊት ሲነቃ ምን ማድረግ እንደሚገባ በሞያሌ ከተማ ከደረሰ አንድ ነገር ጋር አያይዘን እንገልጻለን።

ሞያሌ እንደሚታወቀው በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የተቆረቆረች፣ ስሟ አንድ ሆኖ ሀገሯ ሁለት የሆነ ከተማ ናት። ስለዚህ በዚህች ከተማ ድሮን የያዘ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሕግን ማወቅ አለበት። በኬንያ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ደንብ መሠረት ባለ ድሮኑ በሀገሪቱ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዘንድ መመዝገብና ፈቃድ መቀበል ይኖርበታል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ድሮን ማስገባትም ሆነ ማብረር ክልክል ነው። በወሰን ከተማ አንድ የነፋስ ግፊት ድሮኑን ወደ ሌላ ሀገር ሊያሻግረው ይችላልና፣ «ለጨዋታ ነው» የሚለው ቃል በኬላ ፊት ምክንያት ሆኖ አያድንም።

ሙጫ ያልፈወሰው ቁስል

ከጥቂት ወራት በፊት፣ በአንድ ረቡዕ ማታ፣ በኬንያ ሞያሌ የሚኖር የአንድ ወዳጄ ልጅ ድሮኑን በካርቶን ሣጥን አድርጎ ወደ ቤቴ መጣ። ልጁ ድሮኑን በሕግ ያስመዘገበ፣ የሚያበርበትንም ቦታ በፈቃድ የሚመርጥ ጠንቃቃ ወጣት ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እኅቱ በማርሳቢት ትዳር ትይዝ ነበርና፣ ሙሽሮቹ ከቤት ሲወጡ ከላይ ሆኖ ፎቶግራፍ ሊያነሣላት ቃል ገብቶላታል። ለዚያውም የሚያስፈልገውን ፈቃድ አግኝቷል።

ሣጥኑን ከፍቶ አንዱን ክንድ አሳየኝ። ከሞተሩ ሥር፣ ከአንዱ ብሎን ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ ክንዱ መካከል የሚሄድ፣ እንደ ጠጉር የቀጠነ መስመር ነበረበት። በመስመሩ ላይ የደረቀ ሱፐር ግሉ ይታያል።

«ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ አጣብቄው ነበር፤» አለኝ። «በየጊዜው ሙጫውን አልፎ ይሄዳል።»

በማግሥቱ ማለዳ በግቢያችን ተቀምጠን ስንመለከተው፣ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት የቦረና እናት በደጃቸው ጥላ ሥር የነቃ የወተት ቅል ይጠግኑ ነበር። ወስፌውን በእሳት አግለው መጀመሪያ የበሱት በስንጥቁ ግራና ቀኝ አልነበረም፤ ስንጥቁ ያበቃበትን ቦታ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በሁለቱም ወገን ቀዳዳ እያበጁ በጅማት መስፋት የጀመሩት። ልጁ በቋንቋቸው ጠየቃቸውና መልሳቸውን ተረጎመልኝ።

«ስንጥቅ መንገደኛ ነው፤ ፊት ለፊቱ ካላቆምኸው ከኋላው ብትሰፋው ምን ይጠቅምሃል?»

በኬላ አጠገብ ለምንኖር ሰዎች ከዚህ የበለጠ የሚገባ ምሳሌ አይገኝም። ልጁ ያደረገው ነገር መንገደኛው ካለፈ በኋላ መንገዱን መጥረግ ነበር።

ስንጥቅ ለምን ይሄዳል?

እኚህ እናት በእጃቸው ያወቁትን ነገር ሊቃውንት በብዙ ድካም መርምረውታል። እንግሊዛዊው ግሪፊዝ በፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ጣቢያ ሲሠራ፣ መስተዋት በስሌት ከሚገመተው ኀይል እጅግ ባነሰ ኀይል የሚሰበረው ለምን እንደ ሆነ መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጽሑፍም ምክንያቱ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች መሆናቸውን ገለጸ። በአንድ ዕቃ ላይ የሚያርፈው ኀይል በሹል ስንጥቅ ጫፍ ላይ ይከማቻል፤ ጫፉ በሾለ መጠን ኀይሉ ይበረታል። ስለዚህ ስንጥቁ ትንሽ ስለ ሆነ ኀይሉም ትንሽ ነው ማለት አይቻልም።

ይህ ነገር በብዙ ሰዎች ሕይወት የተፈተነው በኮሜት አውሮፕላን ላይ ነው። ኮሜት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1952 ከለንደን በካርቱምና በኢንቴቤ በኩል ወደ ጆሃንስበርግ መንገደኛ ማመላለስ የጀመረ፣ በመንገደኞች አገልግሎት የመጀመሪያው የጄት አውሮፕላን ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጥር 1954 አንዱ በኤልባ ደሴት አጠገብ፣ በሚያዝያ ወር ደግሞ ሌላው ከናፖሊ በስተ ደቡብ በአየር ላይ ፈርሰው በጠቅላላው 56 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች በፋርንቦሮ የአንድ ኮሜትን አካል በታላቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ በበረራ ጊዜ የሚያገኘውን ግፊት እየደጋገሙ አሳዩት። አስቀድሞ የበረረው ሲደመርበት ከ3,000 ጊዜ ጥቂት አልፎ አካሉ ተቀደደ። የስንጥቁም መነሻ በቅርፊቱ ላይ ያለ የአንድ ክፍት ቦታ ማዕዘን ነበር። ብረቱን የሰበረው አንድ ታላቅ ምት ሳይሆን የትንንሽ ግፊቶች ድግግሞሽ ነው፤ ይህንም መሐንዲሶች የብረት ድካም ይሉታል።

ድሮንም በመጠኑ እንዲሁ ነው። ፕሮፔለሩ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ይዞራል። ጫፉ ጥቂት ቢሸረፍ ወይም ቢጎብጥ ሚዛኑ ይፋለሳል፤ ሞተሩም በዞረ ቁጥር ክንዱን ይንጠዋል። የብሎን ቀዳዳና ሹል ማዕዘን ደግሞ ኀይል የሚከማችባቸው ቦታዎች ናቸው። ብሎኑ በካቻቢቴ ከልክ በላይ ከጠበቀ፣ ፕላስቲኩ ገና ሳይበር ተጨንቆ ይኖራል። በዚህ ላይ ጠንካራ አወራረድ፣ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀትና ለፕላስቲክ የማይስማማ ፈሳሽ ሲጨመሩ መስመሩ ይከፈታል።

አጠጋገኑ

የሚጠግን ሰው አስቀድሞ ጭረትን ከስንጥቅ ይለይ። ክንዱ በሁለት ጣት ቀስ ተብሎ ሲታጠፍ ጭረት አይከፈትም፤ ስንጥቅ ግን ይከፈታል። በስንጥቁ ዙሪያ ፕላስቲኩ ነጣ ብሎ ከታየ እዚያ ቦታ ላይ መጨነቅ እንዳለ ያመለክታል።

ከዚያም ባትሪው ይውጣ፤ ፕሮፔለሮቹም ይፈቱ። የብሎኖቹ ርዝመት ስለሚለያይ እያንዳንዱ ብሎን ከየት እንደ ወጣ በወረቀት ላይ ሥዕል ስሎ በየቦታው ማስቀመጥ ይገባል። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ቢገባ ወደ ሞተሩ ዘልቆ ሽቦውን ሊነካ ይችላል። ቅርፊቱ ሲከፈትም የውስጡን ቀጫጭን ሽቦዎች እንዳይጎትት እጅን መግታት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የስንጥቁን እውነተኛ ጫፍ መፈለግ ነው። ዓይን ካየው ቦታ ጥቂት አልፎ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ የእርሳስ ብናኝ በላዩ አሽቶ በጨርቅ ቢጠርጉት መስመሩ ጠቁሮ ይገለጣል። በዚያ ጫፍ ላይ አንድ ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ በቀጭን መሰርሰሪያ መብሳት ነው። መሰርሰሪያውን በኤሌክትሪክ ሳይሆን በጣት እያዞሩ ቢበሱበት ይሻላል። ቀዳዳው ክብ ስለ ሆነ በሹሉ ጫፍ ተከማችቶ የነበረው ኀይል በዙሪያው ይበተናል፤ መንገደኛውም በኬላው ይቆማል ማለት ነው። እኛም ይህንኑ ያደረግነው የጎረቤታችንን ሥራ ካየን በኋላ ነበር።

ከዚህ በኋላ አሮጌው ሙጫ ተፍቆ ይነሣ፤ የቅርፊቱ ውስጠኛ ገጽ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል በብርጭቆ ወረቀት ይሻር፤ በመድኃኒት ቤት በሚሸጠው አልኮልም ይጠረግ። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የድሮን ቅርፊት የሚሠራበት ፕላስቲክ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ኤ.ቢ.ኤስ. ወይም ፖሊካርቦኔት የሚባለው የተለመደ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ስሙ በቅርፊቱ ውስጥ ታትሞ ይገኛል። ለጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚያገለግለው አሴቶን ኤ.ቢ.ኤስን ያሟሟል፤ ፖሊካርቦኔትን ግን በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላዋል። ቤንዚንም እንዲሁ ጎጂ ነው። ዓይነቱን ያላወቀ ሰው ከሁለቱም ይራቅ።

ከተጠረገ በኋላ ስንጥቁን ገጥሞ በውጭ በኩል በፕላስተር መያዝ፣ በውስጥ በኩል ቀጭን ሱፐር ግሉ ጥቂት ጠብታ ማድረግ ነው። ሱፐር ግሉ ፈጥኖ ይይዛል እንጂ ሲደርቅ ድርቅ ያለ ተሰባሪ ነው፤ ለሚንቀጠቀጥ ክንድ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ በላዩ ላይ ሁለቱ ቱቦዎች ተቀላቅለው የሚሠራው ኢፖክሲ ከፋይበር ግላስ ጨርቅ ጋር ይለጠፋል። ጨርቁ ስንጥቁንና ቀዳዳውን አልፎ በሁሉም ወገን መሸፈን አለበት። ሥራው መስኮት ተከፍቶ፣ ሕፃናት ርቀው ይሠራ፤ ጢሱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳልና። የካርቦን ጨርቅ የራዲዮ ሞገድ ስለሚጋርድ በአንቴናው አጠገብ አይለጠፍ፤ የሞተሩና የቅርፊቱ የአየር መውጫዎችም አይደፈኑ።

ኢፖክሲው በአምስት ደቂቃ ይይዛል ተብሎ ቢጻፍበትም፣ ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ 24 ሰዓት ማቆየት ይበጃል። ብሎኖቹ ሲመለሱ መያዛቸው እስኪታወቅ ድረስ ብቻ ይጥበቁ። የብረት ብሎን እንዳይላላ የሚቀባው ፈሳሽ ፕላስቲክን የሚያነቃ ስለ ሆነ በቅርፊቱ ላይ እንዳይደርስ መጠበቅ ነው።

ሞተሩ የተቀመጠበት መሠረት ራሱ ከተሰበረ፣ ወይም የሚታጠፈው ክንድ ማጠፊያው ከነቃ፣ ወይም ክንዱ ከካርቦን የተሠራ ሆኖ ከተሰነጠቀ ግን ሙጫ አያድነውም። አዲስ ክፍል መግዛት ያስፈልጋል።

የሰርጉ ዋዜማ

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሥራችንን ጨረስን። ዓርብ ማለዳ፣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን የማርሳቢትን መንገድ ስንጀምር ድሮኑ በሣጥኑ ውስጥ ይደርቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ በተፈቀደለት ገላጣ ሜዳ ላይ ሰው በሌለበት አስነሣው። በሰው ቁመት ልክ ከፍ አድርጎ፣ ግራና ቀኝ ሳያንቀሳቅስ፣ የአንድ ባትሪ ጊዜ ያህል አቆየው። ከወረደም በኋላ አራቱን ክንዶች በየተራ መረመርን።

የጠገንነው ክንድ እንደ ተጠገነ ቆይቷል። ነገር ግን በጎኑ ባለው ክንድ፣ ከብሎኑ ቀዳዳ አጠገብ፣ ረቡዕ ማታ ያልነበረ ነጭ ነጥብ ታየን። ያን ጊዜ ፕሮፔለሮቹን አንድ በአንድ በጣት ዳሰስናቸው። ከአንዱ ጫፍ የሩዝ ፍሬ የምታህል ስባሪ ጎድላለች። ልጁ ከወር በፊት የግራር ቅርንጫፍ እንደ ነካ ትዝ አለው። እንግዲህ እኛ የጠገንነው ምልክቱን ነበር፤ በሽታው ገና ይዞር ነበር። ይህም የእኔም ስሕተት ነው፤ ፕሮፔለሮቹን ረቡዕ ማታ ማየት ይገባኝ ነበርና። መለዋወጫ ፕሮፔለር በዚያ አልነበረንም።

«ጋሼ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ባስነሣውስ?» አለኝ።

«ከበታቹ ማን ይቆማል?» አልሁት።

ልጁ ጥቂት ዝም አለ። በሰርግ ቤት ድሮን ሲነሣ ከሥሩ ማን እንደሚሮጥ ያውቃል። «ሕፃናቱ፤» አለና ባትሪውን አወጣ።

ለእኅቱ የነገራት ራሱ ነው፤ እኔ እንድናገርለት አልፈለገም። እርስዋም «ለልጆቼ የማሳየው አንድ ሥዕል ይኖረኛል ብዬ ነበር» ብላ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚሁ ነገር አንድም ቃል አልተናገረችም። ነገር ግን ቅዳሜ ዕለት ከቤት ስትወጣ ሁለት ጊዜ ወደ ሰማይ ቀና ስትል አይቻታለሁ። ወንድሟ ደግሞ ከአጥሩ ድንጋይ ላይ ቆሞ በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል

ይህ ሁሉ የሚያስተምረን፣ ጥገና ከመከላከል የማይሻል መሆኑን ነው። ድሮን ያለው ሰው ወይም ልጁ ድሮን የሚያበር አባት የሚከተሉትን ልማድ ቢያደርጋቸው ከብዙ ኀዘን ይድናል።

ከማስነሣቱ በፊት የእያንዳንዱን ፕሮፔለር ጠርዝ በጣት ይዳስስ፤ የተሸረፈ ወይም የጎበጠ ካገኘ ሳያመነታ ይለውጠው። የፕሮፔለር ዋጋ ከቅርፊት ዋጋ ያንሳል፤ የቅርፊት ዋጋም ከሰው ራስ ያንሳል። በየጥቂት በረራውም የሞተሮቹን ሥርና የብሎኖቹን ዙሪያ በብርሃን ፊት ይመልከት።

ድሮኑን በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይተወው። የሞያሌ ፀሐይ ብርቱ ነው፤ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያለሰልሳል፤ ብርሃኑም ከዘመን ብዛት ያደርቀዋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት እንጂ በቤንዚን ማጠብ አይገባም። ሲያወርደውም ከድንጋያማ መሬት ይልቅ በምንጣፍ ወይም በሸራ ላይ ያውርደው።

ባትሪውንም ይመልከት። ያበጠ ባትሪ ቅርፊቱን ከውስጥ እየገፋ ያነቃዋል፤ ከዚህም በላይ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ያበጠውን ባትሪ መጫንም፣ መብሳትም፣ በኀይል ወደ ቦታው ማስገባትም ፈጽሞ አይገባም። ለብዙ ቀን የማይበር ከሆነ ባትሪው ሙሉም ባዶም ሳይሆን በግማሽ ያህል ኀይል ይቀመጥ።

የተጠገነ ድሮን እስኪፈተን ድረስ ከሰው በላይ አይነሣ። ፈተናውም አንድ ጊዜ ተነሥቶ መውረዱ ብቻ አይደለም፤ ከወረደ በኋላ አራቱም ክንዶች መታየት አለባቸው። እኛ ነጩን ነጥብ ያገኘነው በተጠገነው ክንድ ላይ ሳይሆን በጎረቤቱ ላይ ነበርና።

ልጁ ከወር በኋላ አዲስ ቅርፊትና አራት አዳዲስ ፕሮፔለሮች አስመጥቶ ድሮኑን አድሶታል። አሮጌውን ክንድ ግን አልጣለውም፤ ክቧ ቀዳዳ እንደ ታየች በጠረጴዛው ላይ አኑሯታል። በእኅቱ የሰርግ አልበም ውስጥ ከላይ የተነሣ ሥዕል የለም። የአጥሩ ድንጋይ ላይ ቆሞ ባነሣው ፎቶግራፍ ውስጥ ግን በሙሽሪት ዙሪያ የሚሮጡት ሕፃናት ሁሉ ይታያሉ። እነርሱን ቆጥሬአቸው ነበር፤ አሥራ አንድ ናቸው።